ከፍሎረንስ በላይ ካሉት የደን በሮች የትኛውን በብስክሌት እንውጣ?

ከፍሎረንስ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ የተዘረጋው የአፔኒን ተራራ ምርጫ አያሳጣም፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ካርታውን የገለጠ ብስክሌተኛ አምስት ስመ ጥር የተራራ በሮች ጎን ለጎን ያገኛል፤ ኮንሱማ፣ ሙራሊዮኔ፣ ኮላ ዲ ካዛሊያ፣ ፉታ እና ካላ። ሁሉም ከ900 እስከ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሁሉም በደን ውስጥ ያልፋሉ፤ ስለ ሁሉም የሚባለውም አንድ ዓይነት ነው፦ ውብ፣ ጸጥ ያለ፣ የማይረሳ። ውበታቸው አያከራክርም። ጸጥታው ግን ለሁለቱ እሑድ ዕለት ፈጽሞ አይሠራም፤ በአንደኛው ደግሞ ሰዓቱን ያላሰላ ሰው የመመለሻ ባቡር አጥቶ ሊያድር ይችላል።

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው የመንገድ ብስክሌት ላለው ወይም ለሚከራይ፣ በእጁ ያለው ጊዜም አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ለሆነ ሰው ነው። ጣሊያን ለሚኖረውም ሆነ ከሌላ አገር ለሚመጣው እኩል ያገለግላል። ስድሳ ሰባ ኪሎ ሜትር መንዳት የለመደ ሰው አምስቱንም መውጣት ስለሚችል፣ ምርጫው በጉልበት ሳይሆን በቀኑና በሁኔታው የሚወሰን ነው። ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ብዙ ሰው በሮችን የሚያወዳድረው በአማካይ ተዳፋታቸው ነው። እዚህ አካባቢ ይህ ቁጥር ብዙም አይረዳም። አብዛኞቹ መንገዶች መኪና ከመምጣቱ በፊት ለሠረገላ የተቀየሱ ስለሆኑ አማካያቸው ከ3.5 እስከ 6 በመቶ አይዘልም። ጣርማ በርን የወጣ አንባቢ የመንገዱን ጠባይ ያውቀዋል፤ ተራራውን ፊት ለፊት አይጋፈጠውም፣ እየተጠማዘዘ ያባብለዋል። ከፍታውም አያስፈራም። ከሁሉም ከፍ የሚለው የካላ ጫፍ እንኳ ከአዲስ አበባ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ያንሳል፤ ከደጋ ለሚመጣ ሰው አየሩ ወፍራም ነው። የሚፈትነው የጁላይ ሙቀት ነው።

በእኔ ግምት ከተዳፋቱ የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ባቡር ነው። የጣሊያን የክልል ባቡሮች አብዛኞቹ ትንሽ ተጨማሪ ሒሳብ ከተከፈለ ብስክሌትን እንዳለ ይጭናሉ፤ ፈጣኖቹ ባቡሮች ግን ተፈታቶ በከረጢት ካልገባ አይቀበሉም። ጣቢያ አጠገብ የሚጀምርና ጣቢያ አጠገብ የሚያልቅ መንገድ ለድካምም፣ ለዝናብም፣ ለተበላሸ ሰንሰለትም መድኅን አለው።

ሁለተኛው ሞተር ሳይክል ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ለብስክሌተኛ የሚጥመውን ያህል ለሞተረኛም ይጥመዋል። ከዚህም በላይ ታዋቂው የሙጄሎ የሞተር ውድድር ሜዳ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ግርጌ፣ ስካርፔሪያ አጠገብ ነው። ፀሐያማ በሆነ እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አንዳንዶቹ በሮች ላይ የሞተር ድምፅ አይቋረጥም። ማክሰኞ ጠዋት ያው መንገድ ባዶ ነው። በዚህ ምክንያት "የትኛው በር?" ከማለት በፊት "በየትኛው ቀን?" ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ሦስተኛው ጥላ ነው። "የደን መንገድ" የተባለው ሁሉ ከግርጌው ጀምሮ ደን አይደለም። የታችኛው ክፍል ብዙ ጊዜ የወይራና የወይን ማሳ ነው፤ ፀሐዩ ራስ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ኦክ፣ ቀጥሎ ካስታኛ የሚባለው ፍሬው የሚበላ ዛፍ፣ ከ900 ሜትር በላይ ደግሞ ጣሊያኖች ፋጆ የሚሉት ግራጫ ልጥ ያለው ረጅም ዛፍ እና ጥድ ይከተላሉ። ጫፉ 900 ሜትር ላይ የሚያልቅ በር የዚህን የላይኛውን ደን ጠርዝ ብቻ ነው የሚነካው።

ውሃ፣ ምግብና የቁልቁለቱ ሁኔታም ይመዘናሉ። ስለ ቁልቁለቱ አንድ ነገር ቀድሞ ይነገር፤ በደን ውስጥ ሲወርዱ ፀሐይና ጥላ በየሰኮንዱ ስለሚቀያየሩ ጉድጓድ አይታይም። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ይበልጥ ይቸገራል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለል ያለ መነጽር ውድ ከሆነ ጎማ ይልቅ ይጠቅማል።

ኮላ ዲ ካዛሊያ፤ ባቡሩ የማይርቅበት

ከፍታው 913 ሜትር ነው። ከቦርጎ ሳን ሎሬንዞ ተነስቶ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ሮንታ የምትባለው መንደር እስኪታለፍ ድረስ ዳገት መሆኑ እንኳ ብዙም አይሰማም። ከሮንታ በላይ መንገዱ ይጠብባል፣ ካስታኛው ይከብባል፣ ማርሽ መቀነስ ይጀመራል። ከጫፉ ወዲያ ቁልቁለቱ የላሞኔን ወንዝ ተከትሎ ወደ ማራዲ፣ ከዚያም እስከ ፋኤንዛ ይወስዳል።

የዚህን በር ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ከ1893 ጀምሮ ተራራውን በዋሻ እያቋረጠ ፍሎረንስን ከፋኤንዛ የሚያገናኘው የባቡር መስመር ነው። ቦርጎ፣ ሮንታ፣ ክሬስፒኖ፣ ማራዲ ሁሉም ጣቢያ አላቸው። የደከመው ሰው በየትኛውም ላይ ማቆም ይችላል። በዚህ በኩል ከአምስቱ የሚወዳደረው የለም።

መንገዱን ሯጮችም ያውቁታል፤ ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ በሜይ ወር ከፍሎረንስ ፋኤንዛ 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ውድድር የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። በዚያ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌት ይዞ መሄድ አይመከርም። በኦክቶበር ደግሞ ማራዲ የካስታኛ በዓል ስለሚኖራት ባቡሩም መንገዱም ይጨናነቃል። በዚያው ወር እሾሃማው የካስታኛ ቅርፊት አስፋልቱን ይሸፍነዋል፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ አያስመኝም።

ጉድለቱም ይነገር። አፈሩ ልል ነው። በሜይ 2023 ኤሚሊያ ሮማኛ የተባለውን ክልል ያጥለቀለቀው ጎርፍ በማራዲ አካባቢ ብዙ የመሬት መንሸራተት አስከትሎ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር መንገዱም ሐዲዱም መዘጋቱ ያጋጥማል።

ኮንሱማ፤ ከጣቢያው በር ላይ የሚጀምር ዳገት

ፖንታሲዬቬ ከፍሎረንስ በክልል ባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ከጣቢያው እንደወጡ ዳገቱ ይጀምራል፤ ማሟሟቂያ የሚባል ነገር የለም። ወደ 17 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ወደ 6 በመቶ አማካይ፣ ጫፉ 1,060 ሜትር። በአማካይ ከአምስቱ ትንሽ የሚጠነክረው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ በወይንና በወይራ መካከል ስለሚያልፍ በበጋ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ መጀመር ራስን መቅጣት ነው።

ጫፉ ላይ መንደር አለ፤ የፍሎረንስ ብስክሌተኞች ዳቦ ቤቱ ላይ ቆመው ስኪያቻታ የሚባለውን ዘይት የተቀባ ጨዋማ ጠፍጣፋ ዳቦ ይበላሉ። እንደ መላው ጣሊያን ሁሉ ቡናውን ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል።

ኮንሱማን ብቻውን ወጥቶ መመለስ ግን የዚህን አካባቢ ግማሹን መተው ነው። ከመንደሩ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ትንሽ መንገድ ከአሥር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ወደ ቫሎምብሮዛ ያደርሳል። ደኑ የሚጀምረው በእውነት እዚህ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ጆቫኒ ጓልቤርቶ የመሠረተው ገዳም መነኮሳት ጥዱን ለብዙ መቶ ዓመታት በረድፍ እየተከሉና እየተንከባከቡ ኖረዋል፤ ዛፎቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ስለቆሙ በእኩለ ቀንም ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። ሙቀቱ ከሸለቆው በእጅጉ ይወርዳል። ከዚያ በቶዚ በኩል ወደ አርኖ ሸለቆ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ጠንካራ ስለሆነ ፍሬኑን ቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህን ዙር በተቃራኒው፣ ከቶዚ ወደ ላይ፣ የሚመርጡ አሉ፤ ለጀማሪ አልመክርም።

ትራፊኩ መካከለኛ ነው። ኮንሱማ ካዜንቲኖ የሚባለውን ሸለቆ ከፍሎረንስ የሚያገናኝ ዋና መንገድ ስለሆነ በሥራ ቀን የጭነት መኪና፣ በእሑድ ሞተር አይጠፋም። ከቫሎምብሮዛ መታጠፊያ በኋላ ይቀላል።

ሙራሊዮኔ፣ እና ጎረቤቱ

የዚህ በር ጫፍ (907 ሜትር) ላይ አንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ቆሟል። መንገዱ በ1836 ሲከፈት ነፋሱ ሠረገላ የሚገለብጥ ስለነበር መንገደኛው እንደ ነፋሱ አቅጣጫ በአንዱ ወይም በሌላው ወገን ተከልሎ እንዲያልፍ የተሠራ ነው። ዛሬም ነፋሱ አልቀረም። በላብ የረጠበ ማሊያ ለብሶ ግንቡ ሥር አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ዳገቱ የዋህ ነው። ከዲኮማኖ ጣቢያ እስከ ሳን ጎዴንዞ ድረስ በቀስታ፣ ከዚያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል በ5.5 በመቶ ገደማ። ኩርባዎቹ ሰፊና እኩል ናቸው፤ ለዚህም ነው በመላው መካከለኛ ጣሊያን ያለ ሞተረኛ እሑድ ወደዚህ የሚመጣው። ጫፉ ላይ ያለው ቡና ቤት ደጃፍ በሞተር ይሞላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግሩም መንገድ ነው፤ ፀሐያማ እሑድ ግን ከዝርዝርዎ ያውጡት።

ያኔ ቢሆን ጎረቤቱ አለ። ከሳን ጎዴንዞ ወጣ ብሎ ወደ ፕሬሚልኩዎሬ የሚገነጠለው ጠባብ መንገድ ትሬ ፋጂ ወደሚባለው በር ይወጣል፤ ከፍታው 930 ሜትር ገደማ ነው። ደኑ ይበልጥ ይቀርባል፣ መኪናው ይሳሳል። ጁን 29 ቀን 2024፣ ቱር ደ ፍራንስ ከፍሎረንስ ተነስቶ ወደ ሪሚኒ ሲጓዝ የመጀመሪያው ዳገት አድርጎ የመረጠው ይህንኑ ነበር፤ 12.5 ኪሎ ሜትር በ5.1 በመቶ። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ አረንጓዴውን የነጥብ መሪ ማሊያ ይዞ የጨረሰበት ቱር የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው። ከሙራሊዮኔ ይልቅ ይህን መምረጥ የሚያስከፍለው ነገር ቢኖር ጫፉ ላይ ትኩስ ቡና ማጣት ነው።

ፉታ፤ ታሪኩ ከደኑ የሚበልጥበት

ፉታ 903 ሜትር፣ ተከትሎት የሚመጣው ራቲኮዛ 968 ሜትር ነው። ከሳን ፒዬሮ አ ሲዬቬ ጣቢያ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከአምስቱ እጅግ ለስላሳው ዳገት ነው። ደን አለው፣ ግን እየተቆራረጠ፤ ወደ ራቲኮዛ ሲጠጉ ተራራው ገላጣ ሣር ይሆናል።

እዚህ የሚመጣ ሰው ለደኑ ብሎ አይመጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የመጨረሻ መከላከያቸውን የመሠረቱት በእነዚህ ተራሮች ላይ ነበር፤ በሩ አጠገብ ባለው የጀርመን ወታደሮች መቃብር ከ30,000 በላይ ሰዎች አርፈዋል። ብስክሌቱን አቁሞ ግማሽ ሰዓት መሄድ ይገባል። ሞተርን በተመለከተ ግን ከሙራሊዮኔ አይሻልም፤ የራቲኮዛ ጫፍ የታወቀ የሞተረኞች መሰብሰቢያ ነው።

ካላ፤ ደን ለሚፈልግ

ደን ፍለጋ ከሆነ ነገሩ እዚህ ያልቃል። ከስቲያ ተነስቶ 16 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከ5 በመቶ ትንሽ በሚበልጥ አማካይ፣ እስከ 1,296 ሜትር። የላይኛው አጋማሽ በሙሉ በ1993 በተቋቋመው የካዜንቲኖ ደኖች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በዚሁ ፓርክ ውስጥ ያለው ሳሶ ፍራቲኖ በ1959 በጣሊያን የመጀመሪያው ሰው የማይገባበት ጥብቅ ደን ሆኖ የተከለለ ሲሆን፣ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መንገዱ ወደ ጥብቁ ደን አይገባም፤ ከጫፉ ወደ ካምፒኛ ሲወርዱ ግን በዙሪያው ያለው የፋጆና የጥድ ደን ያንኑ ዕድሜ የሚያሳይ ነው።

ጥዱ የራሱ ታሪክ አለው። የፍሎረንስ ካቴድራል አስተዳደር ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የካምፒኛ ደን ባለቤት ነበር። ግንዱ በበሬ እየተጎተተ ሸንተረሩን ተሻግሮ ወደ አርኖ ይወርድና በወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ፍሎረንስ ይደርስ ነበር። ብስክሌተኛው እያለከለከ የሚወጣውን አቀበት በሬዎቹ ከወዲያኛው ወገን ሸክም ይዘው ይወጡት ነበር ማለት ነው።

በሴፕቴምበር መጨረሻ የአጋዘኑ ወንድ ጩኸት ከጫካው ይሰማል፤ ለማያውቅ ያስደነግጣል። ፓርኩ ውስጥ አደን የተከለከለ ስለሆነ በመጸው በሌሎቹ በሮች ዙሪያ እሑድ ጠዋት የሚሰማው የከርከሮ አዳኞች ጥይት እዚህ የለም።

ዋጋው ርቀቱ ነው። ስቲያ የምትደረሰው ከአሬዞ በሚነሳ ትንሽ የባቡር መስመር ነው፤ ብስክሌት ስለመጫኑና ስለ ሰዓቱ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። በመንገዱ ላይ የውሃና የምግብ ቦታ ጥቂት ነው። ጉልበት ያለው ሰው ከካምፒኛ እስከ ሳንታ ሶፊያ ወርዶ፣ በካርናዮ በኩል ወደ ባኞ ዲ ሮማኛ ተሻግሮ፣ ማንድሪዮሊ በሚባለው 1,173 ሜትር በር ወደ ካዜንቲኖ መመለስ ይችላል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባኞ ዲ ሮማኛ ፍል ውሃ አላት። ዙሩን ለሁለት ቀን ከፍሎ እዚያ ማደር፣ ማታ ፍል ውሃው ውስጥ እግርን ማፍታታት፣ ጠዋት የማንድሪዮሊን ኩርባዎች መውጣት፤ ከዚህ ሁሉ ንጽጽር አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ባጭሩ ጎን ለጎን

| በሩ | ከፍታ | ዳገቱ | ጥላና ደን | እሑድ ዕለት | ባቡር |
|---|---|---|---|---|---|
| ኮላ ዲ ካዛሊያ | 913 ሜ | 17 ኪ.ሜ ገደማ፣ ለስላሳ | ከሮንታ በላይ ጥሩ | የሚቻል | በሁለቱም ወገን |
| ኮንሱማ እና ቫሎምብሮዛ | 1,060 ሜ | 17 ኪ.ሜ ገደማ፣ 6 በመቶ ያህል | ታች ገላጣ፣ ላይ እጅግ ጥሩ | በማለዳ ብቻ | ከመነሻው አጠገብ |
| ሙራሊዮኔ | 907 ሜ | ከሳን ጎዴንዞ 9 ኪ.ሜ ያህል | መካከለኛ | አይመከርም | ዲኮማኖ |
| ትሬ ፋጂ | 930 ሜ ገደማ | 12.5 ኪ.ሜ፣ 5.1 በመቶ | ጥሩ | የተሻለ | ዲኮማኖ |
| ፉታ እና ራቲኮዛ | 903 እና 968 ሜ | 20 ኪ.ሜ ገደማ፣ እጅግ ለስላሳ | የተቆራረጠ | አይመከርም | ሳን ፒዬሮ አ ሲዬቬ |
| ካላ | 1,296 ሜ | 16 ኪ.ሜ ገደማ፣ 5 በመቶ ያህል | ከሁሉም የላቀ | የሚቻል | ስቲያ፣ በአሬዞ በኩል |

ለማን የትኛው?

የተራራ ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ኮላን ይውሰድ፤ በሥራ ቀን፣ ከቦርጎ ተነስቶ ማራዲ ላይ ባቡር ይሳፈር። ወጪውም ከሁሉም ያነሰ ነው፤ የባቡር ቲኬት፣ ዳቦ፣ ከመንደር ቧንቧ የሚቀዳ ውሃ። ማደሪያ አያስፈልግም።

ነፃ ቀኑ እሑድ ብቻ የሆነ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ማልዶ የሚነሳ ከሆነ በመጀመሪያው ባቡር ፖንታሲዬቬ ደርሶ ሞተሮቹ ከመንቃታቸው በፊት ኮንሱማ ጫፍ ላይ መገኘት ይችላል። ማልዶ መነሳት የማይሆንለት ትሬ ፋጂን ይምረጥ። ቤተሰብ ይዞ የመጣ፣ ሌሎቹ በመኪና እየሄዱ እሱ ብቻ የሚጋልብ ከሆነ፣ ቫሎምብሮዛ የሚያስማማ ቦታ ነው፤ ለልጆች ጥላ፣ ለትልልቆቹ ገዳም፣ ለብስክሌተኛው ዳገት አለው። ጁላይና ኦገስት ከካላና ከቫሎምብሮዛ ሌላ አልመክርም። ማደሪያ የሚከፍል ገንዘብና ሁለት ቀን ያለው ወደ ካላና ማንድሪዮሊ ይሂድ።

ብስክሌት የሚከራይ ሰው ስለ ብስክሌቱ ስምና ቀለም ከመጠየቅ ይልቅ የኋላ ማርሹ ትልቁ ጥርስ ስንት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ወይም ከዚያ በላይ ካለው ይበቃል። ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለተሰነጣጠቀው የደን አስፋልት ይመቻል። ሁለት ከመነዳሪ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ለቁልቁለቱ ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ የፊትና የኋላ መብራት። ጃኬት የረሳ ሰው እንደ ድሮ ተወዳዳሪዎች ከቡና ቤቱ አሮጌ ጋዜጣ ለምኖ ማሊያው ውስጥ ደረቱ ላይ ያድርግ፤ ይሠራል። ከከተማ ውጭ ከምሽት በኋላና በዋሻ ውስጥ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ በጣሊያን ሕግ ግዴታ ነው።

ወራቱን በተመለከተ ሜይ፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና የኦክቶበር መጀመሪያ ይመረጣሉ። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ካላ ላይ በረዶ ይጠበቃል።

በመጨረሻም ባቡርን መድኅን ያደረገ ሰው ከዋዜማው ምሽት የሥራ ማቆም አድማ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። በጣሊያን የባቡር አድማ ቀኑ ቀድሞ ይታወጃል፤ ብዙ ጊዜም ዓርብ ላይ ይውላል። በሥራ ቀን አድማ ቢኖርም በሕጉ መሠረት በአውሮፓ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ 9 እና ከምሽቱ 18 እስከ 21 የተወሰኑ የክልል ባቡሮች መሄዳቸው የተረጋገጠ ስለሆነ፣ መውጫንና መመለሻን በእነዚህ ሰዓቶች መካከል ማስገባት ይቻላል። እሑድና በዓል ቀን ይህ ዋስትና የለም።